አባቴ የሚመጣበት ዜና

ቡሬ መናኸሪያ አጠገብ ምሳ የምበላበት ቤት ግድግዳው ላይ ትልቅ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል። ብዙ ጊዜ የሚከፈትበት ኳስ ነው፤ ኳስ ከሌለ ዘፈን። ባለፈው ሰሞን አስተናጋጇ ጣቢያ ስትቀያይር ድንገት የአካባቢያችን ጣቢያ የዜና መክፈቻ ሙዚቃ መጣ፤ መጀመሪያ ከበሮ፣ ቀጥሎ ዋሽንት፣ መጨረሻ ላይ ጆሮ የሚቧጥጥ የብረት ድምፅ። ከውጭ የሚኒባስ ጭስ፣ ከጓዳ የሚቁላላ ሽንኩርት ይሸታል። እኔን ግን የሸተተኝ የጅጋው ቤታችን ነው፤ አዲስ የተለቀለቀ ወለል፣ በሩ ጥግ የተደረደረ የስንዴ ጆንያ፣ የጋለ ቴሌቪዥን ላይ ያረፈ አቧራ። አስተናጋጇ ሙዚቃው ሳያልቅ ቀየረችው። መልሺው ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ በኋላ ምን አያለሁ ብዬ ተውኩትና ምሳዬን ጨረስኩ።

እሷን መልሺው አላልኳትም፤ ለእናንተ ግን ልንገራችሁ።

አባቴ ገበሬ ነበር። ቤታችን ጅጋ ከተማ ጠርዝ ላይ ስለሆነ መብራት ነበረን፤ ማሳውና አውድማው ግን ከወንዙ ወዲያ ነው። ቴሌቪዥን የገዛው እኔና እናቴ ማታ ማታ ጎረቤት ቤት ስንሄድ እራቱ እየዘገየበት ስለተማረረ እንጂ ፍቅር ኖሮት አልነበረም። እግሩን ታጥቦ መደቡ ላይ ጋደም ይልና ዜናው ሳያልቅ ያንኮራፋል። የጣቢያችን ዜና ለማንኮራፋትም የተመቸ ነበር። ሁልጊዜ አንድ ኃላፊ አንድ ቦታ ይጎበኛል፤ ሁልጊዜ አርሶ አደሮች ተጠቃሚ መሆናቸውን ይገልጻሉ። በዚያ ዜና ውስጥ የሚራብ፣ የሚጣላ፣ የሚታመም ሰው አልነበረም። አባቴ ዓይኑን እየከደነ፣ ምነው ወደነዚህ ሰዎች አገር ሄደን በኖርን ይል ነበር።

የአሥረኛ ክፍል ተማሪ በነበርኩበት ዓመት፣ ታኅሣሥ ላይ፣ ጋዜጠኛውና ካሜራ ያዡ አውድማችን ድረስ መጡ። እኔ ትምህርት ቤት ነበርኩና የሆነውን የሰማሁት ማታ ከእናቴ ነው። አባቴ ስንዴውን በላይዳ እያነሳ ወደ ነፋስ ሲበትን ደርሰው፣ ባሉበት ይቀጥሉ አሉት። ቀጠለ። ይድገሙልን አሉት። ደገመ። ነፋሱ ቆሞም እንኳ ይበትኑልን ሲሉት ፍሬው ከገለባው ጋር ተመልሶ ራሱ ላይ ወረደ። ከዚያ ስለ ምርጥ ዘር ጠየቁት፤ እሱ ስለ ዝንጀሮ ነገራቸው። ስለ ማዳበሪያ ጠየቁት፤ ስለ አያቱ አውድማ ነገራቸው። እናቴ ይኼን ስትነግረኝ እሱ ከመደቡ ላይ ሆኖ፣ ጠያቂው ልጅ ጨዋ ነው፣ ነገር ግን የሚፈልገውን መልስ ይዞ ነው የመጣው አለ።

በሳምንቱ ታየ። ጎረቤቱ ሁሉ እኛ ቤት ተሰብስቦ ነበር። አባቴ ብቅ ሲል ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ፀሐይ ከጀርባው ናት፤ የሚበትነው ስንዴ ብርሃን ሆኖ ይወርዳል፤ ያረጀች ባርኔጣው ላይ እብቅ ተጣብቋል። ከዚያ ወደ ካሜራው ዞር ይልና ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፁ ግን የለም፤ የሚሰማው የጋዜጠኛው ንባብ ነው። ምን እያልክ ነው ብለን ብንጠይቀው አላስታውስም አለ። ዝንጀሮውም የአያቱም አውድማ አልገቡም። አባቴ ምንም አልከፋውም፤ በሚቀጥለው ቀን ረስቶት ማሳው ሄደ።

የካቲት ላይ ሆዱን አመመው። ፍኖተ ሰላም ወስደን አስተኛነው፤ ብዙም ሳይቆይ ሬሳውን ይዘን ተመለስን። ከዚህ በላይ ስለ ሕመሙ ማውራት አልፈልግም።

በእኛ አገር አልቃሽ የሟቹን ፎቶ ከፍ አድርጋ ይዛ ነው የምታስለቅሰው። የአባቴ ፎቶ ተፈልጎ ጠፋ። የተገኘው የቀበሌ መታወቂያው ላይ ያለችው ብቻ ናት፤ እሷም ላይ ማህተሙ ግማሽ ፊቱን ሸፍኖታል። ለቅሶው ያለ ፎቶ ተለቀሰ። ቴሌቪዥኑን ሴቶቹ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረው ጋቢ አለበሱት፤ በሐዘን ቤት ቴሌቪዥን አይከፈትም። ተዝካሩ እስኪወጣ እንደዚያው ጀርባውን ሰጥቶን ቆየ።

አንድ ነገር ቀርቶን ነበር፤ ለአክስቴ መርዶ አልተነገረም። አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። እናታቸው ልጅ ሳሉ ስለሞተች አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ከብዙ ዓመት በፊት ከባሏ ጋር ዐባይን ተሻግራ ወለጋ ገባች፤ ባሏ ሲሞት እዚያው ብቻዋን ቀረች። ያን ጊዜ ከቡሬ ወደዚያ የሚወስደው መንገድ በጸጥታ ምክንያት ተዘግቶ ነበር። ስልክም አንድ ሰሞን ይሠራል፣ አንድ ሰሞን ይጠፋል። የዕድራችን ዳኛ የሆኑት ሽማግሌ፣ መርዶ በስልክ አይነገርም አሉ። የሚይዛት ሰው በሌለበት፣ ብቻዋን ወድቃ ብትቀርስ? መንገዱ ሲከፈት ሄደን፣ ጎረቤት ቤት አድረን፣ እንደ ወጉ ሲነጋ እንነግራታለን ተባለ። እናቴም፣ እህቱ ሳታለቅስ እኔ ከሌን አላወልቅም አለች።

ከተዝካሩ በኋላ ጋቢውን ገፈን ቴሌቪዥኑን አዞርነው። የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ ቤቱ ውስጥ ድምፅ እንዲኖር ብዬ እንጂ ላየው አልነበረም። የማዳበሪያ ዜና ነበር። የሆነ ስብሰባ፣ የሆኑ ኃላፊዎች፣ ከዚያ ድንገት አባቴ። ላይዳውን ያነሳል፣ ይበትናል፣ ዞር ይላል፣ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። እናቴ ከበርጩማው ተነስታ ቆመች። ሰው ሲገባ እንደምትቆመው ነው የቆመችው። አባቴ አለፈና ስብሰባው ተመለሰ፤ እሷ ግን ዜናው እስኪያልቅ አልተቀመጠችም።

ጣቢያው ድሃ መሆኑ ቀስ እያለ ገባኝ። ስለ እርሻ በተወራ ቁጥር የሚያሳዩት ስለሌላቸው የቆየ ምስል ያወጣሉ፤ ከቆየው ምስል ደግሞ የአባቴን የሚያህል አልነበራቸውም። ስለ ምርጥ ዘር ሲወራ ይመጣል። ስለ ስንዴ ዋጋ ሲወራ ይመጣል። አንድ ጊዜ ስለ ቆጋ መስኖ ሲወራም መጣ፤ ቆጋን በእግሩ ረግጦ የማያውቅ ሰው የመስኖ ተጠቃሚ ሆኖ አረፈው። እኔ ስቄ ልሞት ነበር፣ ከዚያ አለቀስኩ። እናቴ ግን የት ቦታ ተብሎ እንደታየ ግድ አልነበራትም። ማታ ማታ ዜናው ሊጀምር ሲል ፊቷን ታጥባ፣ ሻሿን አስተካክላ ትቀመጣለች። ያልመጣ ቀን፣ ዛሬ የጤና ወሬ ነው ብላ ተነስታ ትሄዳለች። እውነቱን ልናገርና እኔ ያን ሰዓት እጠላው ነበር። በየማታው ተቀብሮ በየማታው የሚነሳ አባት አድካሚ ነው። እሷን ግን እንዴት ተይ ልበላት? ሌላ ምን ነበራት?

ክረምቱ ሲገባ ስልክ ለጥቂት ቀን ተለቀቀና አክስቴ ደወለች። ስልኩን እኔ አነሳሁት። ቀድማኝ ጀመረች።

«ወንድሜን አየሁት እኮ። ትናንት ማታ በቴሌቪዥን። ምነው እንዲህ ከሳ? እናትሽ ምን እያበላችው ነው?»

ዲሽ ከዐባይ ማዶም ይሠራል ብሎ ያሰበ ሰው ከመካከላችን አልነበረም። ሽማግሌዎቹ ስለ መንገዱ አሰቡ፣ ስለ ስልኩ አሰቡ፤ ቴሌቪዥኑን ግን ማንም አላሰበው። እናቴ ስልኩን ተቀበለችኝ። አክስቴ አቅርቢልኝ አለቻት። እናቴ፣ ማሳ ወርዷል አለች። ሌላ ቀን ደወለች፤ አውድማ ነው ተባለች። ከዚያ በኋላ አቅርቢልኝ ማለቱንም ተወችው። ለምን ትበል? በሳምንት አንዴ ሁለቴ ታየው የለ። ስትደውል የምታወራው እሱን ያየችበትን ቀን ነው፤ ባርኔጣውን ቀይሩለት፣ ነፋስ ላይ ብዙ አይቁም ትላለች። ጎረቤቶቿን እየጠራች ታሳያቸዋለች። አንድ ቀን፣ ወደኔ ዞር ብሎ አንድ ነገር ይላል፣ ምንድነው የሚለው ብላ ጠየቀች። እናቴ ዓይኔን ሸሸችና፣ «እህቴን ሰላም በሉልኝ ነው የሚለው፣ እትዬ» አለቻት።

ያን ማታ ተጣላን። ንገሪያት አልኳት። በስልክ ገድዬ እንዴት ልኖር ነው አለችኝ። ነገሩ የዕድሩ ዳኛ ጆሮ ደረሰና እናቴን አስጠሯት። የሞተ ሰው ዕረፍት ሊያገኝ ይገባል አሉ፤ እህቱም በቁሟ እየተታለለች ነው። ሄደሽ ምስሉን ያንሱልን በያቸው አሏት። እናቴ እሺ አባቴ ብላ ወጣች።

ፍኖተ ሰላም ሄድን። ጣቢያው አንድ ፎቅ ላይ ተከራይቶ ያለ ጥቂት ክፍል ነበር። አዲስ ምንጣፍና የጋለ ሽቦ ይሸታል። ያ አውድማችን የመጣው ጋዜጠኛ በአጋጣሚ እዚያው ነበረና ሲያየን ፊቱ በራ። ወንበር አቀረበልን። ምስላቸውን ምን ያህል እንደወደድነው አልነገርኳችሁም አለ፤ ፀሐይዋ ከጀርባቸው ገብታ፣ እንደዚያ ያለ ምስል ከዚያ ወዲህ አላገኘንም። ከዚያም እጁን እያፋተገ፣ «አባባስ ደህና ናቸው?» አለ።

እናቴ ከሏን ለብሳ ፊቱ ተቀምጣለች። ገበሬ ሴት ሁሉ ጥቁር የምትለብስ መስሎት ይሆን አላውቅም። እኔ ነገርኩት። እጁን ራሱ ላይ ጫነ። ስለ አክስቴም ነገርኩት። ወዲያው አስነሳዋለሁ፣ ዛሬውኑ አለ። ይቅርታ አድርጉልኝ እያለ ኮምፒውተሩን ከፈተና፣ ከማንሳቴ በፊት ሙሉውን ማየት ትፈልጋላችሁ ወይ ብሎ ጠየቀን።

ሙሉው ድምፅ ነበረው። መጀመሪያ የሰማነው ነፋሱን ነው፤ ከዚያ ስንዴው መሬት ሲያርፍ ሻ የሚለውን። ከዚያ የአባቴን ሳል። ስለ ዝንጀሮው ሲያወራ ካሜራ ያዡ ከኋላ ይስቃል። ከዚያ ያቺ ዞር የሚልባት ቦታ ደረሰች፤ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። «በሉ ይበቃችኋል፣ ልጆች። ምሳ ቀርቧል፣ ኑ እንብላ» ነበር ያለው። ጋዜጠኛው አንገቱን ደፍቶ፣ በልተናል፣ ሽሮ ነበር አለ። እናቴ እጇን ዘርግታ የኮምፒውተሩን ጠርዝ ያዘች። አላለቀሰችም።

ጋዜጠኛው በስልካችሁ ልጫንላችሁ አለን። እኔ ቶሎ ብዬ እሺ ልል ነበር፤ እናቴ ከለከለችኝ። እኔ ስጠራው እንዲመጣ አልፈልግም አለች፤ እሱ ሲመጣ ነው የምቀበለው። እስካሁን አልገባኝም፤ ወይም ገብቶኝ እምቢ ብያለሁ። ከዚያ የተላከችበትን መናገር ነበረባት። የነጠላዋን ጫፍ እያሸች ግን እንዲህ አለችው።

«እህቱ መርዶዋን እስክትሰማ ይቆይ። የሰማች ለት እነግርዎታለሁ፤ ያን ቀን ያጥፉት።»

ልጅ የሚሆናትን ሰው አንቱ ስትል የሰማኋት ያን ቀን ነው። ቃል ገባላት። ስንወጣ ከደረጃው ላይ ቆም አለችና፣ ለዳኛው ምን እላለሁ አለችኝ። ቀጠሮ ሰጡን እንበላቸው አልኳት። እንደዚያው ተባለ።

መንገዱ የተከፈተው በሌላው ዓመት ነው። እናቴ፣ የዕድሩ ዳኛ፣ ሁለት ዘመዶችና እኔ ከቡሬ አውቶቡስ ያዝን። ወደ ዐባይ ስንወርድ ሙቀቱ እየጨመረ መስኮቱ እጅ ያቃጥል ነበር። እናቴ ቁልቁለቱን ሙሉ ዓይኗን ጨፍና ተጓዘች። አመሻሽ ላይ ደርሰን፣ ማንም ሳያየን የአክስቴ ጎረቤት ቤት ገባን። የቤቱ ባለቤት ነገሩን ስለሰማች በሩን ዘግታ ውኃ አቀረበችልን። ገና ጫማችንን ሳናወልቅ ከአጥሩ ወዲያ ከበሮው ተሰማ፤ ከዚያ ዋሽንቱ፣ ከዚያ የብረቱ ድምፅ። ዜናው ስለ መኸር ሰብል ነበር። ጥቂት ቆይቶ አክስቴ ከደጇ ተጣራች።

«ኑማ፣ ወንድሜ መጣ።»

የቤቱ ባለቤት በልማዷ ልትነሳ ብላ መልሳ ተቀመጠች። እናቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተችው።

ጎሕ ሲቀድ ወጣን። አክስቴ ቀድማን ተነስታ ደጇን ትጠርግ ነበር። ጋቢ የለበሱ ሰዎች በዚያ ሰዓት ዝም ብለው ሲመጡ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የአገራችን ሰው የለም። መጥረጊያውን ጣለች። የዕድሩ ዳኛ ጠጋ ብለው፣ አይዞሽ እኅቴ፣ ወንድምሽ አርፏል አሏት። ጎረቤቶቹ ሊይዟት እጃቸውን ዘረጉ። እሷ ግን አልወደቀችም። ራሷን እየነቀነቀች ሽማግሌውን በትሕትና አረመቻቸው።

«የለም አባቴ፣ ተሳስተዋል። ትናንት ማታ አይቼዋለሁ። ስንዴ ላይ ነው።»

ምስሉ የቆየ ነው ቢሏት አልሰማችም። ተሳስተዋል፣ ሌላ ሰው ይሆናል፣ እንደገና ይጠይቁ ትላለች። የሚናገራት ሲጠፋ እናቴ ከኋላችን ወጥታ ፊቷ ቆመች። አክስቴ አየቻት። ከዚያ ልብሷን አየች። ጠጋ ብላ የቀሚሷን እጀታ በጣቶቿ ያዘችው። ጥቁሩ ለቆ፣ በፀሐይና በሳሙና ብዛት አመድ መስሎ ነበር፤ ትከሻው ላይ ቡኒ ሆኗል። እጀታውን ገልበጥ አድርጋ ስፌቱ ስር ያልለቀቀውን ጥቁር አየችው።

«ይኼ መቼ ጠቁሮ መቼ ነጣ?» አለች። «አፈር የበላውን ሰው ነው ከሳ ስል የከረምኩ?»

ያኔ ነው የወደቀችው። ያን ዓይነት ለቅሶ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። ሁለት ለቅሶ ነበር፤ አንዱ ለእሱ፣ አንዱ እሱን እያየች ለሳቀችባቸው ማታዎች። ሦስቱን የለቅሶ ቀን ከእናቴ ጋር አንድ ቃል አልተነጋገረችም። ስንሰናበት እኔን ሳመችኝ፣ ዳኛውን እጅ ነሳች፣ እናቴ ስትቀርባት ፊቷን ወደ ቤቱ አዞረች።

እናቴ ጅጋ እንደተመለሰች ከሏን አወለቀች። ለጋዜጠኛውም ደወለች። መርዶው ተነግሯል፣ ቃልዎን ይፈጽሙ አለችው። ልጁ እርግጠኛ ነሽ ወይ እማማ ብሎ ጠየቃት። ለእህቱ ስል ነው አለች። ቃሉን ጠበቀ፤ ከመዝገቡ ጭምር አጠፋው። ከዚያ ስለ እርሻ ሲወራ አንድ ኮፍያ ያደረገ ወጣት ገበሬ መምጣት ጀመረ። ፈገግ ይላል፣ የሚጠየቀውንም አሳምሮ ይመልሳል። እናቴ ግን በዜናው ሰዓት መቀመጧን አልተወችም። ምን ልታይ እንደምትቀመጥ አልጠየቅኋትም።

አክስቴ በጋውን ሙሉ አልደወለችም። የእናቴን ስልክም አታነሳም። ሚያዝያ ላይ፣ ዜናው እንዳለቀ ስልኩ ጠራ። አንስቼ ድምፅ ማጉያው ላይ አደረግኩት። ሰላምታም የለ፣ ይቅርታም የለ። የእሷ ቤት ቴሌቪዥን ከኋላዋ ይሰማል።

«ዛሬ የማዳበሪያ ወሬ ነበር» አለች።

«አዎ እትዬ፣ አየሁ» አለች እናቴ።

«ሌላ ሰው ነው ያመጡት።»

«አዎ። ሌላ ሰው ነው።»

እኔ እናቴን በዓይኔ፣ ምስሉን እንዳስጠፋሽው ንገሪያት አልኳት። አየችኝ፤ ስልኩን ከእጄ ወስዳ ጆሮዋ ላይ አደረገችው። የአክስቴ ድምፅ ግን ሾልኮ ይሰማኝ ነበር። «ምናልባት ነገ ይመጣ ይሆናል። የስንዴ ወሬ ሲሆን እኮ ነው ብዙ ጊዜ የሚመጣ» ትላለች።

«ይሆናል፣ እትዬ» አለች እናቴ። «እስቲ ነገም እናያለን።»